ወይንን እንደ አየሩ ጠባይ ማጠጣትና መመገብ፦ ለመካነ ሰላምና ለምዕራብ ደቡብ ወሎ አካባቢዎች

ወይን በመስኖ ማሳም ሆነ በጓሮ ሊለማ የሚችል የፍራፍሬ ተክል ነው። ፍሬው በትኩስነቱ ይበላል፤ ሲደርቅ ዘቢብ ይሆናል፤ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ዘቢቡ ለቅዳሴ አገልግሎት ይፈለጋል። አንድ ጊዜ የተተከለ ወይን በአግባቡ ከተያዘ ለብዙ ዓመታት ፍሬ ይሰጣል። ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ ሐረጉ አድጎ፣ ቅጠሉ ለምልሞ፣ ፍሬው ግን ሳይበስል ሲበሰብስ ወይም ሲሰነጠቅ ይታያል። ለዚህ ከሚጠቀሱት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ውኃውና ማዳበሪያው ከተክሉ የዕድገት ደረጃና ከወቅቱ አየር ጋር አለመጣጣሙ ነው።

ይህ ጽሑፍ በመካነ ሰላምና በአካባቢዋ ለሚገኙ አርሶ አደሮችና የከተማ ነዋሪዎች የተዘጋጀ ነው። ወይን መቼ እንደሚገረዝ፣ በየደረጃው ምን ያህል ውኃ እንደሚፈልግ፣ ማዳበሪያው መቼና በምን መጠን እንደሚሰጥ፣ አየሩ ሲለወጥም ምን መደረግ እንዳለበት በቅደም ተከተል ያብራራል።

ከፍታውን ማወቅ

የአገራችን የአየር ጠባይ ክፍፍል ራሱ የወይንን ስም ይዟል። ወይና ደጋ የሚለው ስያሜ ወይን የሚስማማውን ከፍታ ያመለክታል፤ በተለምዶ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1 ሺህ 500 እስከ 2 ሺህ 300 ሜትር ያለው መሬት በዚህ ስም ይጠራል። መካነ ሰላም ከተማ በ2 ሺህ 600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ደጋ ናት። ከከተማዋ ወደ ምዕራብ የሚወርደው የቦረና ወረዳ መሬት ግን እስከ ዓባይ ሸለቆ ይዘልቃል። ወግዲና ከላላም ወደ ዓባይና ወደ ገባሮቹ፣ ሳይንት ደግሞ ወደ በሽሎ የሚወርዱ ቁልቁለቶች አሏቸው። ስለዚህ በአንድ ወረዳ ውስጥ ደጋው፣ ወይና ደጋውና ቆላው ጎን ለጎን ይገኛሉ።

የከፍታው ልዩነት በሙቀት ይተረጎማል። በአማካይ 1 ሺህ ሜትር ዝቅ ባልን ቁጥር ሙቀቱ 6 ነጥብ 5 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ይጨምራል። ከከተማዋ 800 ሜትር ዝቅ ያለ ማሳ ከከተማዋ 5 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል ማለት ነው። የወይን ቀንበጥ ጎልቶ የሚያድገው የቀኑ አማካይ ሙቀት ከ10 ዲግሪ ሲበልጥ ነው። ተክሉ የሚጠቀምበት ሙቀትም ከ10 በላይ ያለው ነው። አማካዩ 15 ዲግሪ በሆነበት ቦታ ተክሉ በቀን 5 ዲግሪ ያጠራቅማል፤ 20 ዲግሪ በሆነበት ቦታ ግን 10 ዲግሪ ያጠራቅማል። በመሆኑም አንዱ ዝርያ በቁልቁለቱ በአራትና በአምስት ወር ሲደርስ በአምባው ላይ እጅግ ሊዘገይ ይችላል። ውኃውንም ሆነ ማዳበሪያውን ከጎረቤት ወረዳ ቀን ጋር ማመሳሰል የማያዋጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ከሌሎች የወይን አምራቾች የሚወሰድ ትምህርት

በአገራችን በስፋት የሚታወቁት የወይን እርሻዎች ከደጋው ዝቅ ባሉና በሞቃት አካባቢዎች የሚገኙ ናቸው። የፈረንሳዩ ካስትል ኩባንያ በባቱ (ዝዋይ) አካባቢ ባለማው እርሻ ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ የተባሉ ዝርያዎችን ተክሎ፣ ከእነርሱ የተጠመቀውን ወይን ጠጅ እ.ኤ.አ. በ2014 ለገበያ አቅርቧል። የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካም በመርቲ ጀጁ በኩል በመስኖ የሚለማ የወይን እርሻ አለው። በሁለቱም ቦታ ተክሉ የሚያድገው በመስኖ ነው።

ከአገር ውጭም ተመሳሳይ ተሞክሮ አለ። በታንዛኒያ ዶዶማና በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል በሳን ፍራንሲስኮ ወንዝ ሸለቆ የሚገኙ አምራቾች ክረምት የሚባል የበረዶ ወቅት የላቸውም። ወይኑ በአውሮፓ እንደሚታየው በብርድ ቅጠሉን አራግፎ ስለማያርፍ፣ የእነዚህ አገሮች አምራቾች ተክሉን በመግረዝና ውኃውን በመቆጣጠር የፍሬውን ወቅት ራሳቸው ይወስናሉ። በዚህም በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ መሰብሰብ የቻሉ አሉ። ለእኛ የሚጠቅመው ዋናው ትምህርት ይህ ነው፤ በሐሩር ክልል አየሩን መለወጥ ባይቻልም፣ እያንዳንዱ የተክሉ የዕድገት ደረጃ ከየትኛው አየር ጋር እንደሚገናኝ መምረጥ ይቻላል።

የገረዛ ቀን የሁሉ መነሻ ነው

ወይን ከተገረዘ በኋላ በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት ገደማ ዐይኖቹ ይፈነዳሉ። ቀንበጡ አድጎ ያብባል፤ አበባው ፍሬ ይቋጥራል፤ ፍሬው ጠንካራና አረንጓዴ ሆኖ ይወፍራል። ከዚያ ይለሰልሳል፤ ቀለም ይይዛል፤ በመጨረሻም ይበስላል። ሞቅ ባለ ቦታ ይህ ሁሉ ከአራት እስከ አምስት ወር ይወስዳል።

ለዝናብ እጅግ የሚጎዱት ሁለት ደረጃዎች ናቸው፤ አንደኛው አበባ፣ ሁለተኛው የመብሰያው ጊዜ። በአበባ ጊዜ የሚጥል ዝናብ ፍሬ መቋጠሩን ይቀንሳል፤ በመብሰያ ጊዜ የሚጥለው ደግሞ ፍሬውን ይሰነጥቃል፤ ሻጋታም ያመጣል። የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ዓመቱን በጋ፣ በልግና ክረምት ብሎ በሦስት ይከፍለዋል። በጋው ከጥቅምት እስከ ጥር፣ በልጉ ከየካቲት እስከ ግንቦት፣ ክረምቱ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለውን ጊዜ ይሸፍናል። ደቡብ ወሎ በልግም ክረምትም የሚዘንብበት ዞን በመሆኑ ስሌቱ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

በወይና ደጋውና ከዚያ ዝቅ ባለው ቁልቁለት ዝናቡ እንዳባራና አፈሩ ጥቂት እንደጠፈፈ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ መግረዝ ይመረጣል። አበባው በኅዳርና በታኅሣሥ ደረቅ አየር ላይ ያርፋል፤ ፍሬው በየካቲት ይደርሳል። ገረዛው እየዘገየ በሄደ ቁጥር ለቀማው ወደ መጋቢትና ሚያዝያ፣ ወደ በልግ ዝናብ ይገባል።

በደጋው ላይ ሁኔታው ይከብዳል። ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ጥርት ያሉ ሌሊቶች ውርጭ ይወርዳል፤ ለስላሳው ቀንበጥም ሙቀቱ ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይሞታል። በመስከረም የተገረዘ ወይን በደጋ ላይ ቀንበጡን የሚያወጣው ለውርጭ ነው። በጥር መጨረሻ ወይም በየካቲት የተገረዘው ደግሞ ፍሬውን ይዞ ክረምት ይገባል። ስለዚህ በመካነ ሰላምና በመሰል ከተሞች ሰፊ የወይን ማሳ ከመክፈት ይልቅ፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ በሚያገኝና ከነፋስ በተከለለ የድንጋይ ግንብ አጠገብ ጥቂት ተክሎችን መያዝ ይሻላል። ድንጋዩ ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት ይመልሳል። ቶሎ የሚደርስ ዝርያ መርጦ በጥር መጀመሪያ መግረዝና ክረምቱ ሳይገባ እስከ ግንቦት መጨረሻ ለመሰብሰብ ማቀድ ያስፈልጋል። በዚህ ጊዜ ቀንበጡ የሚወጣው በጥር የመጨረሻ ሌሊቶች ስለሆነ ማታ ማታ መሸፈኛ ማዘጋጀት ግድ ነው።

ውኃውን መተመን

የተክሉን የውኃ ፍላጎት የሚወስኑት ፀሐይ፣ ሙቀት፣ ነፋስና የአየሩ ድርቀት ናቸው። ባለሙያዎች ውኃ ካልጎደለው አጭር ሣር በአንድ ቀን በትነት የሚወጣውን ውኃ በሚሊ ሜትር ይለካሉ፤ ይህም የማጣቀሻ ትነት ይባላል። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተመው መመሪያ መሠረት ለመጠጥ የሚለማ ወይን በመጀመሪያው ደረጃ የዚህን ትነት 0 ነጥብ 30፣ በመካከለኛው 0 ነጥብ 70፣ በመጨረሻው 0 ነጥብ 45 እጅ ይፈልጋል። ለትኩስ ፍሬና ለዘቢብ የሚለማው በመካከለኛው ደረጃ ወደ 0 ነጥብ 85 ከፍ ይላል።

ስሌቱ ቀላል ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ውኃ ማለት አንድ ሊትር ነው። አንድ ተክል 4 ካሬ ሜትር ቦታ ይይዛል እንበል። የማጣቀሻ ትነቱ በቀን 4 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ዐይኑ በሚፈነዳበት ጊዜ ተክሉ በቀን 5 ሊትር ያህል ይበቃዋል። ቅጠሉ በሞላበት ጊዜ ወደ 11 ሊትር ይፈልጋል። ነፋሻማና ደረቅ በሆነ ቀን ትነቱ ወደ 6 ሚሊ ሜትር ቢያሻቅብ ፍላጎቱ ወደ 17 ሊትር ይደርሳል። ደመናማ ሆኖ ትነቱ ወደ 2 ነጥብ 5 ቢወርድ ደግሞ 7 ሊትር ይበቃል። በአንድ ሳምንት ውስጥ በነፋሻው ቀንና በደመናማው ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከእጥፍ ይበልጣል። ሁልጊዜ በአንድ መጠን ማጠጣት በአንዱ ቀን ማስጠማት፣ በሌላው ቀን ማባከን ይሆናል።

ዝናብም በዚሁ መንገድ ይቆጠራል። 12 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል በ4 ካሬ ሜትር ላይ 48 ሊትር ነው። ከዚህ ሦስት አራተኛው አፈር ውስጥ ቢቀር 36 ሊትር ይሆናል፤ ይህም ቅጠሉ ለሞላ ተክል የሦስት ቀን ቀለብ ነው። ከ5 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ካፊያ ግን ቅጠልን ከማራስ አልፎ ወደ ሥር አይወርድም። እንዲህ ያለው ካፊያ ከመስኖው ሒሳብ ባይቀነስም ለበሽታ ክትትል ይመዘገባል።

በዚህ ስሌት አንድ ተክል ለመጠጥ በሚለማ ወይን መጠን ከገረዛ እስከ ለቀማ ባሉት 140 ቀናት 1 ሺህ 200 ሊትር ያህል ይፈልጋል። ሃምሳ ተክል ያለው አርሶ አደር ዝናብ ካልረዳው 60 ሜትር ኩብ ውኃ ያስፈልገዋል። በጠብታ መስኖ የሚባክነው ጥቂት ስለሆነ 67 ሜትር ኩብ ገደማ ሊበቃ ይችላል። በቦይ ሲለቀቅ ግን ከአሥሩ እጅ አራቱ በመንገድ ቢጠፋ ፍላጎቱ ወደ 100 ሜትር ኩብ ያድጋል። ኩሬው ወይም ምንጩ ይህን ያህል መስጠት የማይችል ከሆነ የሚቀነሰው የተክሉ ቁጥር ነው። ይህን ሒሳብ ከመትከል በፊት መሥራት በሦስተኛው ዓመት የደረቀ ማሳ ከማየት ያድናል።

በየደረጃው የሚሰጥ ውኃ

አዲስ የተተከለ ችግኝ ሥሩ አጭር ስለሆነ ጥቂት በጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ መጠጣት አለበት። ፍሬ በሚሰጠው ተክል ግን ቅደም ተከተሉ እንደሚከተለው ነው።

ከገረዛ እስከ አበባ፦ ክረምቱ በአፈሩ ውስጥ ያስቀመጠው እርጥበት ብዙውን ፍላጎት ይሸፍናል። ብዙ ማጠጣት ሥሩን ያቀዘቅዛል፤ ሐረጉንም ያለ ልክ ያስረዝማል።

ከአበባ እስከ ፍሬ መቋጠር፦ ተክሉ መጠማት የሌለበት ጊዜ ነው። በዚህ ወቅት የሚደርስ ጥማት አበባውን ያራግፋል። ውኃው ግን ከሥር ይሰጥ እንጂ አበባው ላይ አይረጭ።

ፍሬው ከቋጠረ እስከ መለስለስ፦ ከፍተኛው የውኃ ፍላጎት የሚታይበት ጊዜ ነው። ለትኩስ ፍሬ የሚለማ ወይን ሙሉ ውኃውን ማግኘት አለበት። ለመጠጥ የሚለማ ከሆነ መጠነኛ ጥማት ሐረጉን ገትቶ የፍሬውን ጣዕም ያጠነክራል።

ፍሬው ከለሰለሰ እስከ ለቀማ፦ ውኃው ቀስ በቀስ ይቀነሳል፤ በአንድ ጊዜ ግን አይቆረጥም። ለረጅም ጊዜ ተጠምቶ የቆየ ተክል በድንገት ብዙ ውኃ ሲያገኝ ፍሬው ውኃውን በፍጥነት ስቦ ይሰነጠቃል።

ከለቀማ በኋላ፦ ብዙዎች ተክሉን የሚረሱት በዚህ ጊዜ ነው። ቅጠሉ ለሚቀጥለው ዓመት ምግብ በግንዱና በሥሩ የሚያከማቸው አሁን በመሆኑ፣ ቅጠሉ አረንጓዴ ሆኖ እስካለ ድረስ ልከኛ ውኃ ሊሰጠው ይገባል።

የመስኖ ተራ በውኃ አባት በሚዳኝባቸው አካባቢዎች ተራው የሚደርሰው ከተክሉ ፍላጎት ጋር ሳይገናኝ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ሲሆን በተራው ቀን የተገኘውን ውኃ በትንሽ ኩሬ ወይም በበርሜል አቆይቶ ከፋፍሎ መስጠት ይቻላል። በመደዳው ግራና ቀኝ ቦይ ካለ በአንዱ ተራ የቀኙን፣ በሚቀጥለው የግራውን ብቻ ማጠጣትም ውኃ ይቆጥባል። ግማሹ ሥር ውኃ ሲያገኝ ግማሹ ደረቅ ስለሚሆን ተክሉ ቅጠሉን በመጠኑ ዘግቶ ትነቱን ይቀንሳል። የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ይህን ዘዴ በወይን ላይ አጥንተው ሥራ ላይ አውለውታል።

አፈሩ ምን ያህል ይይዛል?

በአምባው ሜዳ ላይ በብዛት የሚታየው ዋልካ አፈር ውኃን አጥብቆ ይይዛል። በክረምት ይጨቀያል፤ በበጋ ይሰነጠቃል። በእንዲህ ያለ አፈር ወይን የሚተከለው ከፍ ተደርጎ በተሠራ መደብ ላይ ሆኖ፣ ትርፍ ውኃ የሚወጣበት ቦይ ሊኖረው ይገባል። የሚጠጣውም በአንድ ጊዜ በርከት ተደርጎ፣ ቀኑ ተራርቆ ነው። በቁልቁለቱ ያለው ድንጋያማና አሸዋማ አፈር ግን ውኃ ስለማያቆይ በጥቂት በጥቂቱ፣ ቶሎ ቶሎ መጠጣት ይፈልጋል።

የአፈሩን እርጥበት ለማወቅ ከግንዱ ግማሽ ሜትር ራቅ ብሎ ከ30 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር መቆፈርና አፈሩን በእጅ መጨበጥ በቂ ነው። ተጨብጦ ኳስ ሆኖ ከቆየና እጅን ካቀዘቀዘ ውኃ አለው፤ ከተፈረፈረ ተጠምቷል። ተክሉም ራሱ ይናገራል። ሐረጉ ድጋፍ የሚጨብጥባቸው ቀጫጭን ጠምዛዞች ከጫፉ አልፈው ከተዘረጉ ውኃ በቂ ነው። ከጠወለጉና ከደረቁ ጥማት ጀምሯል።

ተክሉን መመገብ

አንድ ሺህ ኪሎ ግራም የወይን ፍሬ ከማሳው ይዞ የሚወጣው ናይትሮጅን 1 ነጥብ 5፣ ፎስፈረስ 0 ነጥብ 3፣ ፖታሲየም 2 ነጥብ 5 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ከሃምሳ ተክል 200 ኪሎ ግራም ፍሬ ቢለቀም በፍሬው የሚወጣው ናይትሮጅን 300 ግራም ብቻ ነው፤ ይህም 650 ግራም ያህል ዩሪያ ውስጥ ይገኛል። ለቅጠልና ለሐረግ የሚውለውን ለመተካት እጥፍ ቢደረግ እንኳ ለአንድ ተክል የሚደርሰው 26 ግራም ገደማ ዩሪያ ነው። ለእያንዳንዱ ተክል ሙሉ እፍኝ ዩሪያ መስጠት ከሚያስፈልገው በላይ መመገብ ነው። ትርፉ ዩሪያ ሐረጉን ያወፍራል፤ ጥላ ያበዛል፤ አበባን ያራግፋል፤ ለሻጋታም በር ይከፍታል።

በአገራችን የሚሠራጨው ኤንፒኤስ 19 እጅ ናይትሮጅን፣ 38 እጅ የፎስፌት ፎስፈረስና 7 እጅ ድኝ ይዟል፤ ዩሪያ ደግሞ 46 እጅ ናይትሮጅን ነው። በሁለቱም ውስጥ ወይን አብዝቶ የሚፈልገው ፖታሲየም የለም። የእንጨት አመድ ፖታሲየምና ካልሲየም ስላለው በተክል አንድ እፍኝ ያህል ከፍግ ጋር ለይቶ መበተን ይጠቅማል። አመድ የአፈርን ኮምጣጣነት ስለሚቀንስ ለኮምጣጣ አፈር የተሻለ ነው፤ ነጭ ኖራ በሚታይበት አፈር ላይ ግን አይመከርም። በየዓመቱ ለአንድ ተክል ከ5 እስከ 10 ኪሎ ግራም የበሰለ ኮምፖስት መስጠት ለምግቡም፣ አፈሩ ውኃ እንዲይዝም ይረዳል።

የኢትዮጵያ የአፈር መረጃ ሥርዓት ጥናት በብዙ የአገሪቱ አካባቢዎች ድኝ፣ ቦሮንና ዚንክ እንደሚጎድሉ አሳይቷል። ቦሮን በወይን አበባ ፍሬ መቋጠር ላይ ትልቅ ድርሻ አለው። ሆኖም በሚበቃውና በሚመርዘው መጠን መካከል ያለው ልዩነት ጠባብ ስለሆነ፣ የአፈር ምርመራ ሳይደረግና የግብርና ባለሙያ ሳይመክር ለብቻው መጨመር አደገኛ ነው።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ሥሩ ናይትሮጅንን አጥብቆ መሳብ የሚጀምረው ቀንበጡ አምስት ስድስት ቅጠል ሲያወጣ ነው። የመጀመሪያው ድርሻ ያኔ ይሰጣል፤ ሁለተኛው ፍሬው ከቋጠረ በኋላ፣ ጥቂቱ ደግሞ ከለቀማ በኋላ። ፍሬው ከለሰለሰ እስከ ለቀማ ድረስ ናይትሮጅን አይሰጥም። ዩሪያ በደረቅና ሞቃት አፈር ላይ ተበትኖ ከቀረ አየር ላይ ይተንናል፤ ከባድ ዝናብ ሊጥል ሲል ከተሰጠ ታጥቦ ይሄዳል። ስለዚህ ከግንዱ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቆ አፈር ውስጥ መቅበርና ወዲያው በልኩ ማጠጣት ያስፈልጋል።

ቅጠል ቢጫ ሲሆን ሁልጊዜ ረኃብ አይደለም። የታችኞቹ ቅጠሎች በሙሉ ከደበዘዙ ናይትሮጅን፣ ጠርዛቸው ከተቃጠለ ፖታሲየም ጎድሎ ሊሆን ይችላል። የላይኞቹ ለጋ ቅጠሎች ቢጫ ሆነው ሥራቸው አረንጓዴ ከቀረ ግን ብዙ ጊዜ ብረት መሳብ አለመቻሉን ያሳያል። በጨቀየ ዋልካ ላይ ይህ ሲታይ መፍትሔው ውኃውን ማጠንፈፍ ነው፤ ማዳበሪያ መጨመር ጉዳቱን ያባብሳል።

አየሩ ሲለወጥ

ደመናና ዝናብ ሲበዛ፦ መስኖው ይቆማል፤ ናይትሮጅን አይሰጥም፤ በዘለላው ዙሪያ ያሉ ቅጠሎች ሳስተው አየር እንዲዘዋወር ይደረጋል። ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በላይ ሆኖ፣ ቀንበጡ 10 ሳንቲ ሜትር ደርሶ፣ በአንድ ቀን 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ከጣለ ዳውኒ ሚልዲው የተባለው በሽታ ሊነሳ ይችላል። ምልክቱ በቅጠሉ ላይ የዘይት ጠብታ የመሰለ ቢጫ ነጥብ፣ በሥሩም ነጭ ሻጋታ ነው።

ውርጭ ሲጠበቅ፦ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋሱ ሲቆም፣ አመሻሹም ሲቀዘቅዝ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እርጥብና ያልተሸፈነ አፈር የቀኑን ሙቀት የተሻለ ይይዛል፤ ስለዚህ በዋዜማው ቀን ማጠጣትና የሣር ጉዝጓዙን ከግንዱ ሥር ገለል ማድረግ ይረዳል። ጉዝጓዝ ትነትን ቢቀንስም የአፈሩ ሙቀት ወደ ቀንበጡ እንዳይወጣ ይከለክላል። ቀዝቃዛ አየር እንደ ውኃ ወደ ታች ስለሚፈስ በረባዳ ቦታ ከመትከል ይልቅ የተዳፋቱን ወገብ መምረጥ ይሻላል። ጭስ ብቻውን ሙቀት አይዝም። ቀንበጡ በውርጭ ከሞተ በችኮላ ዩሪያ መስጠት አይገባም፤ ቅጠሉ ስለቀነሰ ውኃውም ተቀንሶ ሌሎቹ ዐይኖች እስኪያቆጠቁጡ ይጠበቃል።

ሙቀትና ደረቅ ነፋስ ሲበረታ፦ በተለይ ወደ ዓባይ በሚወርደው ቆላ ሙቀቱ ሳይበረታ ጠዋት በማለዳ ወይም ከመሸ ማጠጣት ይመከራል። በምዕራብ በኩል ያሉ ቅጠሎች ፍሬውን ከከሰዓቱ ፀሐይ ስለሚከልሉ አይነሡ። ለፓውደሪ ሚልዲው የሚረጭ ድኝ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ ቅጠልን ሊያቃጥል ይችላል።

በረዶ ከጣለ በኋላ፦ የተሰበረው ቀንበጥና የተቀጠቀጠው ፍሬ በቶሎ ይወገዳል፤ ቁስሉ የሻጋታ መግቢያ ነውና። የቀረው ቅጠል ጥቂት ከሆነ መስኖው በዚያው ልክ ይቀነሳል።

ፍሬው ሊደርስ ሲል ዝናብ ከተተነበየ፦ የበሰለው አስቀድሞ ይለቀም፤ ማፋሰሻ ቦዩም ይከፈት። በእንዲህ ያለ ሳምንት ማጠጣት መሰንጠቁን ያፋጥናል።

መረጃን መያዝ

የሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩቱ ለግብርና የሚያወጣው የአሥር ቀንና የወቅት ትንበያ ውኃና ማዳበሪያ ለመወሰን ይጠቅማል። ከትንበያው ጋር የራስን ማሳ መለካት ያስፈልጋል፤ በተራራማ አካባቢ ዝናቡ ከሸንተረር ሸንተረር ይለያያልና። ጎኑ ቀጥ ያለ ቆርቆሮ ወይም ጣሳ ገላጣ ቦታ ላይ አስቀምጦ ጠዋት ጠዋት የተጠራቀመውን ውኃ በማስመሪያ መለካት ዝናቡን በሚሊ ሜትር ያሳውቃል። የገረዛው ቀን፣ የአበባው ቀን፣ የውርጩ ሌሊት፣ የዝናቡ መጠን፣ የተሰጠው ውኃና ማዳበሪያ በደብተር ቢጻፍ በሁለተኛው ዓመት ለዚያ ማሳ ብቻ የሚሠራ መመሪያ ይሆናል።

በበጋ ወራት የምንጩ ውኃ ለሽንኩርቱም፣ ለድንቹም፣ ለከብቱም የሚፈለግ ሀብት ነው። ለወይኑ የሚሰጠው እያንዳንዱ ሊትር ከሌላው ተቀንሶ የሚመጣ ነው። ስለዚህ ወይን ለመትከል ያሰበ አርሶ አደርም ሆነ የከተማ ነዋሪ አስቀድሞ የቦታውን ከፍታ፣ የውርጩን ወራትና በጥርና በየካቲት የሚገኘውን የውኃ መጠን ይወቅ። ከዚያ የተክሉን ቁጥርና የገረዛውን ቀን ይወስን፤ ለዝርያ መረጣና ለአፈር ምርመራም በቅርቡ የሚገኘውን የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ያማክር።